ዊንዶውስ ላይ ፒፕ እምቢ ላላችሁ፣ የቱን ፓይተን ትጫኑ?

ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን ፒፕ (የፓይተን ፓኬጆችን፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች፣ አውርዶ የሚጭነው) አልሰራ አለኝ የሚል ሰው ስለበዛ የሞከርኳቸውን ላካፍላችሁ። ከሁሉም በፊት ግን በናታችሁ ፎርማት አታስደርጉ። ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፑን ጥገና ቤት ወስዶ ፎርማት ካልሆነ አይስተካከልም ብለውት እሺ አለ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ግማሹ እዛው ጠፋ፣ ፒፑም እንደገና ሲጭነው ያው እምቢ አለ። ችግሩ ለካ ፓይተንን ሲጭን ታች ያለችውን ፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚፈልግበት ዝርዝር) ውስጥ ጨምር የምትለዋን ሳጥን ቲክ ሳያደርግ እያለፋት ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እና ኮምፒውተሩ ፒፕ የሚባል ነገር አላውቅም ካላችሁ በቃ ኮማንድ ፕሮምፕቱ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት) ላይ በፒፕ ፋንታ ፒ ዋይ፣ ስፔስ፣ ሰረዝ ኤም፣ ስፔስ፣ ፒፕ ብላችሁ ጻፉት፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ፓይተን ብላችሁ ስትጽፉ ማይክሮሶፍት ስቶር ከተከፈተባችሁ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ አፕ ኤክሰኪውሽን አሊያስ የሚለው ጋ ገብታችሁ የፓይተኖቹን አጥፏቸው።

የቱን እንጫን ለምትሉ፣ በኛ ኢንተርኔት የኔ ምርጫ ከፓይተን ዋናው ሳይት የሚወርደው ነው፣ 30 ሜጋ አካባቢ ነው። አናኮንዳ የሚባለው ጥቅል ፓንዳሱም (የዳታ ፓኬጁ) ጁፒተሩም (ኮድ መጻፊያው) አብሮት ስለሚመጣ ጥሩ ነው ግን ማውረጃው ብቻ ወደ 1 ጊጋ ይጠጋል፣ ኮንዳ (የአናኮንዳ ፓኬጅ መጫኛ) የግድ ነው ከተባላችሁ ትንሹን ሚኒኮንዳን ያዙ፣ እሱ 100 ሜጋ ገደማ ነው። ብዙ ፕሮጀክት ላላችሁ ግን በፒፕ ቦታ የሚሰራውን ዩቪን ከልቤ እመክራለሁ፣ በ2024 የወጣ ነው፣ በጣም ፈጣን ነው፣ አንዴ ያወረደውን ፓኬጅ ለሌላው ፕሮጀክት ከካሽ (ኮምፒውተሩ ላይ ካስቀመጠው) ነው የሚያመጣው፣ ፓይተኑንም ራሱ ያወርድላችኋል። ለትምህርት ብቻ ከሆነና ኔትወርካችሁ የማይቆራረጥ ከሆነ የጉግል ኮላብ ብሮውዘር ላይ ይበቃችኋል፣ ምንም መጫን የለም።

ፓኬጅ ስትጭኑ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 14 (የማይክሮሶፍት ኮድ መገንቢያ) ያስፈልጋል ካላችሁ ያንን ብዙ ጊጋ የሚበላ ነገር ለማውረድ አትቸኩሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጫናችሁት ፓይተን በጣም አዲስ ሆኖ ፓኬጁ ገና ለሱ ተዘጋጅቶ ስላልወጣ ነው፣ አንድ ቨርዥን ወረድ በሉ።

አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ሁለት ነገር እዩልኝ። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ከ3.8 በላይ ያለ ፓይተን አይሄድላችሁም። የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት (የሳይቱ እውነተኛነት ማረጋገጫ) ኤረር ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ሰዓትና ቀኑን እዩ፣ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ስትሞት መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፣ ያኔ ሰርተፍኬቱ ሁሉ ልክ ያልሆነ ይመስለዋል። ባትሪዋ ማንኛውም የሰዓት ሱቅ አለች፣ ቁጥሯ ብዙ ጊዜ 2032 ነው።

ሪድ ታይምድ አውት የሚላችሁ ፒፕ ዝም ብሎ 15 ሰከንድ ብቻ ስለሚጠብቅ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሰረዝ ሰረዝ ታይምአውት 100 ጨምሩበት። እንደ ቶርች (የኤአይ ፓኬጅ) ያለውን ትልቅ ነገር ግን ጥሩ ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ጋ ሄዳችሁ በፒፕ ዳውንሎድ ፍላሽ ላይ አውርዱትና ቤት ስትገቡ ኖ ኢንዴክስና ፋይንድ ሊንክስ የሚሉትን ጨምራችሁ ከፍላሹ ጫኑት፣ የሁለቱም ኮምፒውተር ፓይተን ግን አንድ ዓይነት ቨርዥን፣ ሁለቱም 64 ቢት መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳታወርዱ።