ሀዋሳ፦ ለክረምቱ በየሳምንቱ አንድ ርዕስ፣ ለልጆች ምን ይሻላል?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው፤ ጥያቄያቸው አያልቅም። ትምህርት ቤት እስኪከፈት በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይዘው እንዲመራመሩ እፈልጋለሁ። ቤት ባለው ነገር የሚሠራ፣ ሁለቱንም የሚይዝ ምን ትመክሩኛላችሁ? ሐይቁንስ እንዴት ልጠቀምበት?

ቀትር
እህቴ፣ ርዕሱን በጥያቄ መልክ ስጪያቸው። «ፀሐይ» ከምትያቸው «ጥላ በስንት ሰዓት ነው በጣም የሚያጥረው?» በያቸው፤ ሳይለኩ በፊት ግምታቸውን ይጻፉ።

ከመሬት በላይ 1 ሜትር የሚወጣ እንጨት ትከሉ። ቀጥ ማለቱን ጠጠር በታሰረበት ክር አረጋግጡ፤ ካዘመመ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል። ቀትር አካባቢ የጥላው ርዝመት ብዙም ስለማይለወጥ በማስመሪያ ብቻ አይያዝም። ስለዚህ 5:30 ላይ ከእንጨቱ ሥር እስከ ጥላው ጫፍ ክር ዘርግታችሁ ክብ አስምሩ። ከሰዓት የጥላው ጫፍ ያንኑ ክብ ሲነካ ሰዓቱን መዝግቡ፤ የሁለቱ ሰዓቶች መካከል መልሱ ነው። ክረምት ነውና ደመና እንዳያበላሽባችሁ 4:30 እና 5:00 ላይም ክብ ሥሩ፤ አንዱ ጥንድ ከተሳካ ይበቃል።

ልጆች «6 ሰዓት» ይላሉ። ሐምሌ አጋማሽ ሀዋሳ ላይ ግን 6:32 ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ሀዋሳ ያለችው ከዚያ በስተ ምዕራብ 38.5 ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀትሯ ይዘገያል። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ትልቁ ልጅሽ ልዩነቱን 6.5ን በ4 አባዝቶ 26 ደቂቃን ያግኝ። የቀሩት ደቂቃዎች የሚመጡት ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ፍጥነቷ ስለሚለያይና ዘንግዋ ስላዘመመ ነው።

የቀትሩ ጥላ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በየሳምንቱ ለኩት፦ እያጠረ ሄዶ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሊጠፋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይዞራል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የክረምት ሥራ የለም።

ዘር
ሁለተኛው ሳምንት፦ «የትኛው አተር ይበቅላል?» በ3 ብርጭቆ ውስጥ ሶፍት ዙሪያውን አስጠጉ፤ በሶፍቱና በብርጭቆው መካከል በአንዱ 5 ሙሉ አተር፣ በሌላው 5 ክክ፣ በሦስተኛው 5 የአተር ቆሎ አስገቡ። ሶፍቱ ይርጠብ እንጂ እህሉ ውሃ ውስጥ አይዘፈቅ፤ አየር ካጣ ይበሰብሳል፣ ሽታውም ይነግራችኋል። ከ3 እስከ 5 ቀን ሙሉው ሥር ያወጣል። ክኩ ሲከካ ፅንሱ ተሰብሯል፣ ቆሎውን ደግሞ ሙቀት ገድሎታል። አንድ ፍሬ ብቻ አትሞክሩ፤ የነቀዘ ከሆነ ልጁ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ሥሩ ሲረዝም ብርጭቆውን በጎኑ አስተኙት፤ በማግስቱ የሥሩ ጫፍ ወደ መሬት ታጥፎ ታገኙታላችሁ።

የሁለት ልጆች እናት
ተባረኩ! ሐይቁስ? ትንሹ እግሩን ውሃ ውስጥ ካልነከርኩ ይላል።

ሐይቅ ዳር
አይንከር። በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚዎቹ ሣርና ደለል ባለበት ዳርቻ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ከነሱ የሚወጣው ጥገኛ ትል በቆዳ በኩል ይገባል። ውሃው ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም።

በምትኩ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ ውሰጃቸው። ጥያቄው፦ «የአባ ኮዳ እግር ለምን ነጣ?» አባ ኮዳ እዚያ የምታዩት ትልቁ ወፍ ነው። እግሩ በተፈጥሮው ጥቁር ነው፤ የሚያነጣው የራሱ ኩስ ነው። ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ አይረሱትምም።

ወፎቹን ሁሉ ለመቁጠር ከሞከሩ ይምታታባቸዋል። አንድ አባ ኮዳ መርጠው ለ10 ደቂቃ ይከታተሉ፦ ትልቁ በየደቂቃው ሰዓት ይጥራ፣ ትንሹ «ቆሟል፣ ይራመዳል፣ ይበላል፣ በረረ» በሚሉ አራት ዓምዶች ሥር ጭረት ያድርግ። 5 ሜትር ያህል ይራቁ፤ ዓሣም ሆነ ሌላ የሚበላ ነገር በእጃቸው አይያዙ፣ መንቆሩ ኃይለኛ ነውና።