የእናቴ የሦስት ወር ስኳር 6.2፣ ኤልዲኤሏ 168፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። በተለይ የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ እባካችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራዋ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ 6.2 በመቶ ሆኗል። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው የስኳር በሽታ ዋዜማ እንደሆነ አውቃለሁ። በባዶ ሆዷ የተለካው ግን 94 ነው፤ ደህና ነው። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ አለባት። ይሄ ደግሞ ስኳሯ ሳይጨምር ያንን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ታዲያ 6.2ን ልመነው? ወይስ ብረቱ ተስተካክሎ ይደገም?

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ ኮሌስትሮሏ ነው፤ 168፣ ከፍ ብሏል። ታላቅ ወንድሟ በ49 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ነው ያረፈው። ስቡ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ የሚጠራቀመው ድምፁን አጥፍቶ፣ ለዓመታት ነው። እሷ «ምንም አያመኝም» ብላ የታዘዘላትን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት፣ አቶርቫስታቲንን፣ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ጎረቤት ጉበት ይጎዳል ብላታለች። ማሸጊያው እንኳን አልተከፈተም።

ወረፋው ብዙ ስለነበር ሐኪሙን በደንብ መጠየቅ አልቻልኩም። የልብ ቧንቧ ካልሲየም የሚያሳየውን ሲቲ ስካን ትነሳ? ዜሮ ቢወጣስ መድኃኒቱ ይቅር ማለት ነው? ካልሲየም ያልያዘው ለስላሳ የስብ ክምችት እኮ እዚያ ላይ አይታይም። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባለው በደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሸከም ቅንጣት በዘር የሚወረስ ስለሆነስ ማስለካቱ ይጠቅማት ይሆን? አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራበትን የምታውቁ ጠቁሙኝ።

እናቱን ወይም አባቱን መድኃኒት ያስጀመረ ሰው ካለም ምን ብሎ እንዳሳመናቸው ይንገረኝ።