የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ለሁሉም ይከፈት?

ጥያቄው፦ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየወሩ የሚያስገቡት ሪፖርት ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ላይ ነው ያለው፤ ለማየት የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ለማንም ይከፈት ወይስ ባለበት ይቆይ? ከሦስት የጎንደር ሰፈሮች የመጡ ምላሾች እነሆ።

ከማራኪ፦ ይከፈት እንጂ! አሁን የጎንደር ተመራቂ የክትባት ቁጥር ሲፈልግ ወይ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል፣ ወይ ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ኤክሴል በቴሌግራም ይቀበላል። ሁለተኛው ይብሳል።

ከአዘዞ፦ ቁጥሩን ራቁቱን መልቀቅ ግን ሰው ማሳሳት ነው። የከተማው ሆስፒታል የዙሪያ ወረዳ እናቶችንም ያዋልዳል። ላዕሉ (አገልግሎቱን ያገኙት ቁጥር) ውስጥ እነሱም አሉ፤ ታህቱ (ማግኘት የሚገባቸው ቁጥር) የከተማ ነዋሪ ብቻ ነው፣ እሱም ከ1999ኙ ቆጠራ የተሰላ ትንበያ። ሽፋኑ ከ100 በመቶ ሲያልፍ አንዱ «ውሸት ነው» ይላል፣ ሌላው «ድንቅ ሥራ» ብሎ ይለጥፋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ወሩም ቢሆን ከ21 እስከ 20 ነው የሚዘጋው፤ መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ ከዝናብ መረጃ ጋር የሚያጋጥም ሰው ወባውን ያለቦታው ያገኘዋል።

ከማራኪ፦ ይህ መመሪያ አብሮ እንዲወጣ ያስገድዳል እንጂ መዝጊያ አይሆንም። ኢዲኤችኤስም (አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና የቤት ለቤት ጥናት) ወጥመድ ሞልቶበታል። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ስለተመዘገቡ ወደ አውሮፓ ለመለወጥ ወሮችን በተከታታይ ቁጥር የሚገልጸው የወር ኮድ ላይ 92 መጨመር አለበት። (የሕፃኑ ዕድሜ አይዛባም፤ የልደቱም የቃለ መጠይቁም ቀን እኩል ስለዘገየ።) የናሙና ክብደቱ (በመረጃው ቪ005 የሚባለው ዓምድ) ለ1,000,000 ሳይካፈል የሚሠራም አለ። ሆኖም መመሪያ ስላለው ሰው ያርማል።

ከአራዳ፦ ኢዲኤችኤስን ለጎንደር መጠቀም ራሱ ችግር ነው። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ናሙና 645 የቆጠራ ቦታ ነበር፤ የሚወክለው ክልልን ነው እንጂ ዞንን አይደለም። በጂፒኤስ ለይቼ አወጣለሁ የሚልም አይሳካለትም፦ የጥናት ቦታዎቹ ነጥቦች የተጠያቂዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሆን ተብሎ ከተማ ላይ እስከ 2፣ ገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ተገፍተዋል፣ ከገጠሮቹ 1 በመቶ እስከ 10። ለአካባቢያችን የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ነው፤ ልደትና ሞትን በየቤቱ ይከታተላል። ዳባት ግን አንድ ወረዳ ነው። የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ግምቶችን ደግሞ እንደ ቆጠራ አትጥቀሱ፤ መረጃ በሌለበት ሞዴል የሚሞላው ነው፣ የግምቱን ስፋት አብራችሁ ጻፉ።

ከአዘዞ፦ እሺ፣ ምስጢሩስ? በአንድ ጤና ኬላ በወር 1 የቲቢ ታካሚ ብቻ ካለ መንደሩ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። የካላዛርም (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) እንዲሁ፤ መተማ ውሎ የመጣውን ሠራተኛ አድራሻው ያጋልጠዋል።

ከማራኪ፦ ስለዚህ በወረዳና በሩብ ዓመት ይውጣ፣ ከ5 በታች የሆነው ይሸፈን። ሽፋን በመቶኛ ብቻ አይለጠፍ፤ ላዕልና ታህት ለየብቻ፣ ስንት ተቋም ሪፖርት እንዳደረገም ጭምር።

ከአዘዞ፦ እሱን እቀበላለሁ፤ የጥራት ፍተሻውም ይጨመር። በየወሩ 12 የመረጃ ነጥብ በዕጣ ወጥቶ ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ያ ውጤት ካልታየ አንባቢ በምን ይመዝን?

ከአራዳ፦ መረጃው ከሥርዓቱ የወረደበት ቀንም ይታተምበት። የዘገየ ሪፖርት ሲገባ የዛሬው ቁጥር ነገ ይለወጣል፤ ቀን ያልጻፈ ተማሪ ለመርማሪው ያንኑ ሠንጠረዥ ደግሞ ማውጣት ያቅተዋል።