ጥቆማ፦ ለደጋ የወተት ላሞች አጃ ከቬች ወይስ አልፋልፋ?

ከሰንዳፋ፦ ሦስት የወተት ላሞች አሉኝ። ድርቆሽና ፍሩሽካ መግዛት ኪሴን አራቆተው። በዚህ ክረምት ግማሽ ሄክታር ላይ ሣርና ጥራጥሬ መኖ ቀላቅዬ ለመዝራት አስቤአለሁ። አንዱ አልፋልፋ የሚሉትን ጥራጥሬ መኖ ይለኛል፣ ሌላው ሮደስ የሚባለውን ሣር። የሞከራችሁት ምን ትመክሩኛላችሁ? ዘሩንስ ከወዴት ላምጣ?

ከደብረ ብርሃን፦ ለእርስዎ ደጋ አጃንና ቬች የሚባለውን ሐረጋማ ጥራጥሬ መኖ የሚያህል የለም። ቬች ብቻውን ሲዘራ ሐረጉ መሬት ላይ ተኝቶ ከሥሩ ይበሰብሳል፤ አጃ ካገኘ ግን እየተጠመጠመ ይወጣል፣ ነፋስና ፀሐይ ያገኛል። አጃው ሆድ ይሞላል፣ ቬቹ ፕሮቲን ስላለው ወተት ይጨምራል። ናይትሮጂንም ከአየር ስለሚይዝ በዓመቱ ገብስ ሲዘሩበት ልዩነቱን ያዩታል።

እኔ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 18 ኪሎ አጃና 6 ኪሎ ቬች እዘራለሁ። ቬቹን ማብዛት ያጓጓል። አንድ ዓመት አብዝቼ አጃውን ጎትቶ ጣለው፤ አጫጆቹም ቀኑን ሙሉ ሲረግሙኝ ዋሉ።

ከመጠኑ ይልቅ ጊዜው ይበልጣል። ዝናብ ጠብ እንዳለ የሚዘራ ሰው መኖው የሚደርስለት ሰማዩ ሳይጠራ ነው፤ ድርቆሹ ይሻግትበታል። እኔ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዘርቼ መስከረም ማብቂያ አካባቢ አጭዳለሁ። ቬቹ በግማሽ ሲያብብና የአጃው ፍሬ ሲጨምቁት ወተት ሲያወጣ ማጭድ ያስገቡ። አመዳዩ ሳይመጣ መሆኑ ነው።

ስለ ዘሩ፣ አስቀድመው የሆለታን ወይም የደብረ ብርሃንን ግብርና ምርምር ማዕከል ይጠይቁ፤ ቬች ቶሎ የሚደርስም ዘግይቶ የሚያብብም ስላለው የትኛው ለአካባቢዎ እንደሚሆን ይነግሩዎታል። የገበያው ርካሽ ነው፤ እኔ ግን አምና ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት ግማሹ እንኳ ሳይበቅል ቀረ። ሰውየው ጥፋቱን በዝናቡ አሳበበ። አሁን ማንም ይሽጥልኝ፣ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ወስጄ መቶ ፍሬ እቆጥርና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ለሳምንት ያህል አቆየዋለሁ። ሰማንያው ካልበቀለ አልገዛም። ከዚያ በኋላ የማሳውን አንድ ጥግ ሳያጭዱ ለዘር ይተዉ፤ የቬቹ ቆባ ሲደርቅ ስለሚፈነዳ የሚለቀመው ጠዋት በጤዛ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ለደጋው እስማማለሁ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ማረስና ዘር መግዛት ለደከመው ሌላ መንገድ አለ። እኛ እርከኑ ላይ ደሾ የሚባለውን ሣር ተክለን በመካከሉ ዴስሞዲየም የተባለ ጥራጥሬ መኖ አስገብተናል። ደሾ በግንጣይ ሥር ስለሚተከል ከጎረቤት መለመን ይቻላል፣ አፈሩንም ይይዛል። በእኛ በኩል አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ጥሩ መጠየቂያ ቤት ነው። አልፋልፋንም አትናቁት፤ መስኖ ላለው ደጋግሞ ይታጨዳል። እርጥቡን ለተራበች ላም ብቻውን መስጠት ግን ሆድ ይነፋል። አጠውልጎ ከሣር ጋር መቀላቀል ይሻላል።

ከሰንዳፋ፦ መሬቴ መረሬ ነው፤ ክረምቱን ውኃ ይቋጥራል። መስኖም የለኝም።

ከደብረ ብርሃን፦ እንግዲያው አልፋልፋን ይርሱት፤ ሥሩ ውኃ ላይ ከተኛ ይሞታል። ቬችም የቆመ ውኃ አይወድም። ከመዝራትዎ በፊት መደብ ያውጡ፣ ቦዩም ወደ ታች የሚያፈስስ ይሁን።

ከሰንዳፋ፦ ግንቦትን ከአካፋ ጋር ላሳልፈው ነው ማለት ነው።