የፀሐይ ብርሃን ሞለኪውል ሲሰብር፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ረቂቁ «የአዞ ቀለምን በአቃቂና በእንጦጦ ፀሐይ መሰባበር» በሚል ርእስ ተዘጋጅቷል። አዞ (azo) ስንል እንስሳውን ሳይሆን በውሃ የሚሟሟ የጨርቅ ማቅለሚያ ዓይነትን ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ አልትራቫዮሌቱ ይበረታል። ልዩነቱ በቀለሙ ላይ ይታይ እንደሆነ እንለካለን። አስተያየታችሁን አስፍሩ።

የለገጣፎው አባል፦ ለእኔ ግቡ ዝቅ ብሏል። ኬሚስቱ አሕመድ ዘዋይል የአዮዲን ሳያናይድ ሞለኪውል ትስስር በ200 ፌምቶሰከንድ (ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ሲበጠስ በሌዘር ተከታትሏል፤ በ1999 ኖቤል የተሸለመውም በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። እኛ ውሃ ሲጠራ ቆመን እንይ?

የአቃቂው መምህር፦ ልጄ፣ ምኞትህ ደስ ይላል። ያለን ግን አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም መፍትሔ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ እሱም መብራት ካልጠፋ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ቀለም ደበዘዘ ማለት ሞለኪውሉ አለቀለት ማለት አይደለም። በአዞ ቀለም ሁለቱ ናይትሮጅኖች ያሉበት ድልድይ ሲበጠስ ውሃው ይጠራል፤ የካርቦን ቀለበቶቹ ግን እዚያው ናቸው፣ አንዳንዱ ስብርባሪም ከቀለሙ የባሰ መርዝ ነው። ስለዚህ ቀለሙን እንተወውና አስቀድመን ፎቶኖቹን፣ የብርሃን ቅንጣቶቹን፣ እንቁጠር። ሃቻርድና ፓርከር በ1956 መደበኛ የብርሃን መለኪያ ያደረጉት የፖታሲየም ፌሪኦክሳሌት ዘዴ አለ፤ ይህ ብረትና ኦክሳሌት ያለበት ጨው ነው። አረንጓዴውን ክሪስታል እዚሁ መሥራት እንችላለን። ብርሃን ሲያርፍበት ብረት ሦስት ወደ ብረት ሁለት ይለወጣል፤ ከብረት ሁለት ጋር የሚጣበቀው ፌናንትሮሊን ሲጨመርበት ብርቱካናማ ቀይ ይሆንና በ510 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ላይ ይነበባል። ከብረት ሁለቱ መጠን የፎቶኖቹን ብዛት እናሰላለን።

የሰበታዋ አባል፦ ጋሼ፣ አንድ ፎቶን የሚነካው አንድ ሞለኪውል ነው ብለው አስተምረውናል። በ365 ናኖሜትር ግን ለእያንዳንዱ ፎቶን 1.2 ገደማ ብረት ሁለት ይገኛል። ትርፉ ከየት መጣ?

የአቃቂው መምህር፦ ይህ ጥያቄ ራሱ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ። ፎቶኑ የሚሰብረው አንዱን ብቻ ነው። የተገነጠለው የኦክሳሌት ራዲካል (ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዘ ስብርባሪ) ግን አርፎ አይቀመጥም፤ ኤሌክትሮኑን ብርሃን ላልነካው ለሌላ ፌሪኦክሳሌት ይሰጠዋል። ብርሃን የጀመረውን ጨለማ ይጨርሰዋል። ብርሃን ያረፈበት ሁሉ ቢሰበር ኖሮ 2 በደረስን ነበር፤ አንዳንዱ ግን የተቀበለውን ኃይል ሳይሰበር ያጣዋል።

የለገጣፎው አባል፦ እሺ ጋሼ፣ ሌዘሩን ትቻለሁ። ነገር ግን ፌሪኦክሳሌት እስከ 500 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ይቀበላል። ከፍታ ይበልጥ የሚያበረታው አጭሩን አልትራቫዮሌት ነው፤ ሰማያዊው ብርሃን ያንን ልዩነት ይውጥብናል። ተራ መስታወት ደግሞ ከ320 ናኖሜትር በታች ያለውን አብዛኛውን ያስቀራል፤ ኳርትዝ ግን ያሳልፈዋል። ታዲያ በየቦታው አንድ የኳርትዝና አንድ የተራ መስታወት ዕቃ ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምንፈልገው አልትራቫዮሌት ነው።

የአቃቂው መምህር፦ ይህ ከእኔ ሐሳብ ይሻላል። ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ኳርትዝ ውድ ነው፤ ለቀለም የተያዘውን በጀት ወደዚያ አዛውሬዋለሁ። መፍትሔው በቀይ መብራት ተዘጋጅቶ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ ይጓዛል። የእንጦጦውን ማን ይወስዳል?

የሰበታዋ አባል፦ እኔ። ደመና ካለ ግን ሁለቱም ቦታ በዚያ ቀን አይለካ፤ ይህም ይጨመር።