የደንገላችን መሳሳትና ከማሳ የሚወርድ ጎርፍ፦ ምክር እሻለሁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ግልገል ዓባይ ጣና በሚገባበት አካባቢ ነው። ለታንኳ መሥሪያ የምናጭደው ደንገል (የውኃ ዳር ረዥም ተክል)፣ ከበቆሎ ማሳዎች የሚወርደው ቦይ በሚደርስበት በኩል፣ ከሁለት ክረምት ወዲህ እየሳሳ መጥቷል። የተረፈው ረዥምና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን ለማሰር ስናጎብጠው ይሰበራል፣ ጭቃውም ሲረገጥ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከቦዩ የራቀው ደህና ነው። ዩሪያ ብበትንለት ያገግም ይሆን?

መልስ (በአፈርና ውኃ ጥበቃ የሠራሁ)፦ ዩሪያውን ለበቆሎው ይተዉት፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ከማሳው ታጥቦ የሚመጣው ለደንገሉ ከበቂ በላይ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛለት ተክል መጀመሪያ ይፋፋል፤ ይሁን እንጂ እድገቱ ወደ ላይ ስለሚያደላ አገዳው ይለሰልሳል፣ ሥሩም በዚያው ልክ አይጠነክርም። የነገሩት ሽታ ደግሞ የሚበሰብሰው ነገር በጭቃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንደጨረሰና ሥርን የሚመርዝ የድኝ ጋዝ እንደተፈጠረ ያመለክታል። ፎስፈረስ ከደለል ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣና ኦክስጅን ሲጠፋ ከጭቃው ተመልሶ ስለሚለቀቅ፣ ቦዩ ዛሬ ቢዘጋ እንኳ ለውጡን በአንድ ዓመት አይጠብቁ።

መልስ (ከዘጌ)፦ እኔ አጨዳውንም እጠረጥራለሁ። ደንገል ለሥሩ አየር የሚያደርሰው በአገዳው በኩል ስለሆነ፣ ከውኃ በታች የታጨደ ጉቶ ይታፈናል። በእኛ በኩል እንዲህ የታጨደው ሳያቆጠቁጥ ቀርቷል።

ጠያቂው፦ እውነት ነው፣ አገዳው እንዲረዝምልን ብለን እጃችንን ውኃ ውስጥ አስገብተን ነው የምናጭደው። በቦዩ አፍ እምቦጭም ብቅ ብሏል፤ እሱንስ ምን ላድርገው?

መልስ (የመጀመሪያው መላሽ)፦ ሳያብብ ከነሥሩ ነቅለው ከውኃው አርቀው ያድርቁት። ዳር ላይ ከተከመረ በስብሶ የያዘውን ንጥረ ነገር ለሐይቁ ይመልሳል፣ ካፈራም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዋናው ሥራ ግን ላይ ማሳው ዘንድ ስለሆነ፣ ባለማሳዎቹን ያነጋግሩና ከቦዩ ግራና ቀኝ ቬቲቨር ወይም ደሾ ሳር ይተከል፤ ደሾው ለከብትም ይሆናቸዋል። ዩሪያውንም ከፋፍለው፣ ከባድ ዝናብ ባረገዘ ቀን ሳይሆን፣ አፈር እያለበሱ ይስጡ። እርስዎም የሳሳውን ደንገል ዘንድሮ አይጨዱት፣ ከብትም አያስገቡበት።