የክረምት ኮርስ ስለ ጋላክሲ፣ ያለ ቴሌስኮፕ ምን ላሠራቸው?

ጥያቄ፣ ከመሀል ሜዳ፦
ሰላም ናችሁ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ክረምት ለ11ኛ ክፍል ልጆች ስለ ሩቅ ጋላክሲዎች ኮርስ ልሰጥ ነው፣ ግን ወሬ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው እንዲሠሩ ነው የምፈልገው፣ ቴሌስኮፕ የለንም፣ ቢኖርስ የመንዝን ነሐሴ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ መች ሰማይ ያሳያል። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ነው፣ ኔትወርኩም መጣ ሄደት ነው። እስቲ ሀሳብ ያላችሁ በናታችሁ።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፦
መምህር ቴሌስኮፑን ተወው፣ ዳታው በነፃ አለ። ከስሎን ዲጂታል ስካይ ሰርቬይ (የሰማይ ቅኝት ፕሮጀክት ነው) ድረ ገጽ የጋላክሲ ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት ተለይቶ የሚታይበትን ግራፍ፣ አውርደህ ፎቶኮፒ ቤት አሳትመውና ማስመሪያ ስጣቸው። የሃይድሮጅን ኤች አልፋ መስመር ላብራቶሪ ውስጥ 6563 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ 7219 ላይ ካገኙት ልዩነቱን ለ6563 ሲያካፍሉት 0.1 ይመጣል፣ ጋላክሲው በብርሃን ፍጥነት አንድ አስረኛ እየራቀን ነው ማለት ነው፣ በሰከንድ 30,000 ኪሎ ሜትር። እሱን ለ70 (የዩኒቨርስ የመስፋፋት ቁጥር) አካፍለው፣ የሚመጣውን ሜጋፓርሴክ ወደ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ለመቀየር በ3.26 ሲያባዙ ወደ 1,400 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ያገኛሉ፣ በቃ በማስመሪያ! ቅርብ ጋላክሲ ግን አትምረጥ፣ መስመሩ ፈቀቅ የሚለው በሚሊሜትር ስለሆነ ይሳሳቱብሃል።

ጠያቂው፦
ተባረክ ወንድሜ! ሁሉም ላይ ኤች አልፋ አለ እንዴ?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፦
የለም። ክብ ቀላ ያሉት ኤሊፕቲካሎች አዲስ ኮከብ ብዙም ስለማይወልዱ መስመሩ አይታይም ማለት ይቻላል፣ ሰማያዊ ክንድ ያላቸውን ስፓይራሎች ምረጥ። መጀመሪያ ፎቶዎቹን በቅርጽ ያስለዩ፣ ከዛ ምክንያቱ ራሱ ይገባቸዋል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
አንድ ልጨምር። ልጆቹ "ሁሉም ከኛ የሚሸሽ ከሆነ መሀሉ ላይ ያለነው እኛ ነን?" ማለታቸው አይቀርም። የሱሪ ላስቲክ ላይ በእኩል ርቀት ነጥብ አድርገህ ጎትተው፣ ከየትኛው ነጥብ ቢለኩ ሌሎቹ ሲርቁ ያያሉ፣ ራቅ ያለው ደግሞ በበለጠ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሀብል በ1929 እ.ኤ.አ. ያሳየውም ይሄንኑ ዝምድና ነው፣ ርቀትና ፍጥነት አብረው ሲጨምሩ።

መልስ፣ ከአንኮበር፦
ኮርሱ ቢያልቅም ልጆቹን እንዳትበትናቸው። ሕዳር ላይ ጨረቃ በሌለችበት ቀን ማታ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞራችሁ መጀመሪያ ካሲዮፒያ የምትባለውን የኮከቦች ስብስብ ፈልጉ፣ ከሷ ከፍ ብሎ ደብዘዝ ያለ ጭጋግ የምትመስለው አንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ በባዶ ዓይን ትታያለች (ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይሏታል፣ እሱንም ንገራቸው)። ስልካቸውን አስቀድመው ያጥፉ፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ጋቢም ይያዙ፣ የሕዳር ውርጭ ቀልድ አያውቅም።